አጥንት የሚገነባ መድኃኒት፦ የትኛው ይቅደም?



ከጥቂት ወራት በፊት ዕቃ ልገዛ ቢሉ ሴንተር ሄጄ ሳለ አንዲት የማውቃቸው እናት ከልጃቸው ጋር ከሱቆቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘኋቸው። እናትየው ከትከሻቸው ጎበጥ ብለዋል። ልጅቱ ስፔሻሊስት ሐኪም የሰጠቻቸውን ደብዳቤ ደጋግማ ታነባለች። ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ ደብዳቤውን አቀበለችኝና፣ «ሐኪሟ ከሦስት መድኃኒት የትኛው እንደሚሻላችሁ ተመካከሩ፣ በሚቀጥለው ቶር እንወስናለን አለችን። እኛ ምን አውቀን ነው የምንመርጠው?» አለችኝ። እናትየውም ቀበል አድርገው፣ «ምን ምርጫ አለው፣ እርጅና ነው። እርጅና በመርፌ የዳነው የት አገር ነው?» አሉ።

ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ባጭሩ ይህ ነው፦ ሁለት የአከርካሪ አጥንቶች ተሰብረዋል፤ የአጥንት መለኪያው ውጤት (ቲ-ስኮር) ከዜሮ በታች 3.6 ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠውን ክኒን 4 ዓመት ወስደዋል። አንደኛው ስብራት የደረሰው የጤፍ ዱቄት ከረጢት ከመኪና ሲያወርዱ ነው። ሁለተኛው በራጅ ታየ እንጂ መቼ እንደደረሰ እሳቸውም ሐኪሟም አያውቁም። የእናትየውም የልጅቱም ጥያቄ የብዙ ቤተሰብ ጥያቄ ስለሆነ፣ በእሳቸው ፈቃድ ስማቸውን ሳንጠራ በዚህ ዕትም እንመለከተዋለን።

እርጅና ነው ወይስ በሽታ?

በዕብራይስጥ ሰው ሁሉ ይህን በሽታ «ብሪሃት ሲዳን»፣ ማለትም የካልሲየም መሸሽ ብሎ ይጠራዋል። ስሙ ግን ያሳስታል። ካልሲየም ብቻ የሸሸ ስለሚመስል፣ ብዙ እናቶች ወተት ከጠጡ የሚመለስ ይመስላቸዋል። እንዲህ ብናስበው ይሻላል፦ በጎንደር ገጠር የኖረ ሰው የጭቃ ቤት ያውቃል። ግድግዳው እንጨትና ማገር አለው፤ በላዩ ጭቃ ይመረጋል። የተሰነጠቀው ይፋቅና በምትኩ አዲስ ይመረጋል። በአጥንታችንም ውስጥ አሮጌውን የሚፍቁ ሕዋሳትና አዲሱን የሚመርጉ ሕዋሳት አሉ። በጉልምስና ሁለቱ ተመጣጥነው ይሠራሉ። የወር አበባ ሲቋረጥ ግን ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ስለሚቀንስ ፋቂዎቹ ይበረታሉ፣ መራጊዎቹም አይደርሱባቸውም። የሚሳሳው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ ማገሩም አብሮ ይሳሳል።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1994 ባወጣው መለኪያ መሠረት ቲ-ስኮር ከዜሮ በታች 2.5 ከሆነ ወይም ከዚያ ከወረደ የአጥንት መሳሳት አለ ይባላል። በዚህ ላይ በቀላል ምክንያት የመጣ ስብራት ከተጨመረ «ከባድ የአጥንት መሳሳት» ይሆናል። ቀላል ምክንያት ስንል ቆሞ ሳለ ተደናቅፎ መውደቅ፣ ዕቃ ማንሳት፣ አንዳንዴም ማሳል ብቻ ነው። እንግዲህ የእኚህ እናት ጉብጠት የእርጅና ጌጥ አይደለም፤ ሁለት ስብራት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ በ1984 በሱዳን በኩል ወይም በ1991 በዘመቻ ሰለሞን ከመጡት አዛውንቶቻችን ብዙዎቹ በመታወቂያቸው (ቴኡዳት ዜሁት) ላይ የተጻፈው የልደት ዘመን በግምት የተሞላ ነው። ቲ-ስኮር ከወጣት ሰው አጥንት ጋር ስለሚያነጻጽር በዕድሜ ስህተት አይናወጥም። ሐኪሞች የስብራትን አደጋ በኮምፒዩተር ሲያሰሉ ግን ዕድሜ ይገባበታል። ስለዚህ እናትዎ በመታወቂያው ከተጻፈው በአሥር ዓመት የሚበልጡ ከመሰለዎት ለሐኪሙ ይንገሩ። ሁለተኛ፣ «የጥቁር ሰው አጥንት ጠንካራ ነው» የሚባል ነገር አለ። በአሜሪካ በተደረጉ ጥናቶች የጥቁር ሴቶች አጥንት በአማካይ ወፈር ብሎ መገኘቱ እውነት ነው፤ ሆኖም አማካይ ቁጥር አጥንቷ የተሰበረባትን አንዲት እናት አይጠግንም።

ለምን ያስቸኩላል ቢሉ፦ በ2001 የታተመ ጥናት እንዳሳየው የአከርካሪ አጥንት ከተሰበረባቸው ሴቶች ከ5 አንዷ በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ ሌላ የአከርካሪ ስብራት ይደርስባታል። የዳሌ ስብራት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ዳሌያቸው ከተሰበረ አዛውንቶች ከ5 አንዱ ገደማ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞታሉ፤ ከተረፉትም ብዙዎቹ እንደ ቀድሞው ራሳቸውን ችለው አይሄዱም። «እርጅና ነው» ብሎ መተው የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው።

የሚያግዱና የሚገነቡ

መድኃኒቶቹ ሁለት ወገን ናቸው። የመጀመሪያው ወገን ፋቂዎቹን ሕዋሳት ያግዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጠው አለንድሮኔት (እዚህ አገር ፎሳላን በሚል ስም የሚታወቀው)፣ በዓመት አንድ ጊዜ በደም ሥር በጠብታ የሚሰጠው ዞሌድሮኒክ አሲድ (አክላስታ)፣ በ6 ወር አንድ ጊዜ ከቆዳ ሥር የሚወጋው ዴኖሱማብ (ፕሮሊያ) ከዚህ ወገን ናቸው። ለብዙ ሰው በቂ የሆኑ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። ለምሳሌ በ2007 የታተመው ጥናት አክላስታ በ3 ዓመት ውስጥ የአከርካሪ ስብራትን ከመቶ 70፣ የዳሌ ስብራትን ከመቶ 41 እንደቀነሰ አሳይቷል። ነገር ግን በዋናነት የሚያደርጉት የቀረው ግድግዳ እንዳይፋቅ መጠበቅ ነው።

ሁለተኛው ወገን መራጊዎቹን ሕዋሳት ወደ ሥራ ያስነሳል። በእጃችን ያሉት በዋናነት ሁለት ናቸው።

ቴሪፓራታይድ (ፎርቴዮ) በአሜሪካ ከ2002 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ከአንገታችን ሥር ያሉ ትንንሽ ዕጢዎች የሚያመነጩት ሆርሞን ቁራጭ ነው። የሚገርመው ይህ ሆርሞን ቀኑን ሙሉ በደም ውስጥ ከበዛ አጥንትን ያሳሳል፤ በቀን አንድ ጊዜ ለአጭር ሰዓት ብቻ ከፍ ሲል ግን አጥንት ይገነባል። በየቀኑ መወጋት ያለበት ለዚህ ነው። መጠኑ በቀን 20 ማይክሮግራም ሲሆን፣ እስክሪብቶ በሚመስል መርፌ ሆድ ወይም ጭን ላይ ይወጋል፤ የተለመደው ጊዜ 24 ወር ነው። በ2001 በታተመው ጥናት አዲስ የአከርካሪ ስብራትን ከመቶ 65 ቀንሷል። ቀድሞ በአይጦች ላይ የአጥንት ካንሰር ስለታየ ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተለጥፎበት ነበር። በሰዎች ላይ ለብዙ ዓመት ተከታትለው ያ አደጋ ስላልታየ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2020 ያንን ልዩ ማስጠንቀቂያ አንሥቶታል።

ሮሞሶዙማብ (ኤቨኒቲ) በአሜሪካ በ2019 የተፈቀደ ነው። በሰውነታችን ውስጥ መራጊዎቹን «በቃችሁ» የሚል ስክሌሮስቲን የተባለ ንጥረ ነገር አለ፤ መድኃኒቱ እሱን ይይዘዋል። ስለዚህ ግንባታውን ያነሣሣል፣ ፋቂዎቹንም በመጠኑ ያግዳል። በወር አንድ ቀን ሁለት መርፌ፣ ለ12 ወር ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የመገንባት ኃይሉ ስለሚደክም አይቀጥልም።

ቅደም ተከተሉ

ልጅቱ «ከሦስቱ የትኛው ይሻላል?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ መጠየቅ ያለበት «የትኛው ይቀድማል፣ የትኛውስ ይከተላል?» ነው አልኳት። ለረጅም ጊዜ የነበረው ልማድ በክኒን መጀመር፣ ስብራት ከመጣ ወደ ጠንካራው መሻገር ነበር። ከባድ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ግን ይህ ልማድ ተለውጧል። በ2017 የታተመ፣ ከ4,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት አንዱን ወገን ለ1 ዓመት ሮሞሶዙማብ ሰጥቶ ከዚያ ወደ አለንድሮኔት አሻገረ፤ ሌላውን ወገን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አለንድሮኔት ብቻ ሰጠ። በ2 ዓመት ውስጥ አዲስ የአከርካሪ ስብራት የደረሰባቸው በመጀመሪያው ወገን ከመቶ 6.2፣ በሁለተኛው ከመቶ 11.9 ነበሩ። በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ቴሪፓራታይድን ራይዝድሮኔት ከሚባለው ሳምንታዊ ክኒን ጋር አነጻጽሮ፣ በ2 ዓመት ከመቶ 5.4 በተቃራኒ ከመቶ 12 አገኘ። ስለዚህ እንደኚህ እናት አከርካሪያቸው የተሰበረና ቲ-ስኮራቸው በጣም የወረደ ሰዎች፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ መጀመሪያ ይገነባላቸዋል፣ ቀጥሎ የተገነባው ይጠበቅላቸዋል።

የሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይረሳል። የፎርቴዮው 24 ወር ወይም የኤቨኒቲው 12 ወር ሲያልቅ «ጨረስኩ፣ ተመስገን» ብሎ ቤት መቀመጥ አዲስ የተመረገውን ግድግዳ ዝናብ ላይ መተው ነው። የተገኘው አጥንት ተመልሶ ይሄዳል። ወዲያው አለንድሮኔት፣ አክላስታ ወይም ፕሮሊያ መከተል አለበት።

ስለ ፕሮሊያ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ሆኖም በድንገት ካቆሙት ታግደው የነበሩት ፋቂዎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ብዙ የአከርካሪ አጥንት አከታትሎ ሊሰበር ይችላል። ከ6 ወሩ ቀጠሮ ከአንድ ወር በላይ መዘግየት የለበትም። ወደ ኢትዮጵያ ዘመድ ለመጠየቅ የሚሄዱ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ከሆነ ቀኑን ቀድመው ይቁጠሩ። ማቆም ካስፈለገም ሐኪሙ የሚተካውን መድኃኒት ማዘዝ አለበት። ከፕሮሊያ በቀጥታ ወደ ፎርቴዮ መሻገርም ለጊዜው የዳሌን አጥንት እንደሚቀንስ በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ፕሮሊያ ላይ ያለ ሰው «እኔም የሚገነባውን ስጡኝ» ከማለቱ በፊት ከስፔሻሊስት ጋር በደንብ መነጋገር ይኖርበታል።

በመቀመጫው ላይ የተገኙ ሁለት ነገሮች

እንግዲህ ሐኪም ሲመዝን ከሚጠይቃቸው ነገሮች ጥቂቱን አንድ በአንድ ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ ያ ክኒን እንዴት ይዋጥ እንደነበር። እናትየው ሳይሸሽጉ፣ «ጠዋት ከቡናዬ ጋር ነዋ። ከዋጥኩም በኋላ ጋደም እላለሁ፣ ወገቤ ይከብደኛል» አሉ። አለንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ንጹሕ ውኃ ተውጦ፣ ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ሳይበሉ፣ ቡናም ሳይጠጡ፣ ሳይተኙም መቆየት ያስፈልጋል። ከቡና ጋር ከተዋጠ ከመድኃኒቱ አብዛኛው ወደ ሰውነት አይገባም፤ መተኛት ደግሞ የጉሮሮ ቧንቧን ያቆስላል። ስለዚህ በ4 ዓመቱ «መድኃኒቱ አልሠራም» ማለት አይቻልም፤ ወደ ሰውነታቸው የገባው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ሐኪሟ ይህን ማወቅ አለባት። (የሳምንቱ ክኒን ቀን ከስግድ፣ ከአስተስርዮ ወይም ከሌላ ጾም ጋር ከገጠመ፣ ክኒኑ ውኃና ምግብ ስለሚፈልግ በነጋታው ጠዋት ይዋጥ።)

ሁለተኛው የከበደ ነበር። ስለ ኤቨኒቲ ስናወራ፣ «ባለፈው አንድ ዓመት የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ አጋጥሞዎት ያውቃል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «በፋሲካ ሰሞን አፌ ጠመም ብሎ፣ እጄም አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ሲመሽ ለቀቀኝ» አሉ። ልጅቱ ደነገጠች። «እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» «ሥራ ላይ ነበርሽ፣ ምን አስጨንቅሻለሁ» አሏት።

ያ የ2017 ጥናት በመጀመሪያው ዓመት ከባድ የልብና የደም ሥር ችግር ሮሞሶዙማብ በወሰዱት ላይ ከመቶ 2.5፣ አለንድሮኔት በወሰዱት ላይ ከመቶ 1.9 አግኝቷል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ የልብ ድንገተኛ ሕመም (ሄትኬፍ ሌቭ) ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰው እንዳይጀምረው ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። የደም ግፊትና ስኳር ያለባቸው ሰዎችም ከሐኪማቸው ጋር አስቀድመው ሊመዝኑት ይገባል። በማኅበረሰባችን ስኳርና ግፊት ምን ያህል እንደበዛ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። እኚህ እናት ሁለቱም አሉባቸው።

ሌላው ነገር አፍ መጥመምና እጅ መዛል «ለቀቀኝ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በደረሰበት ሰዓት 101 ተደውሎ አምቡላንስ መጠራት አለበት። ልጅቱ እዚያው ሆና ለቤተሰብ ሐኪማቸው ደወለች፤ ሐኪሙም ወዲያውኑ ሆስፒታል ሄደው እንዲመረመሩ ነገራት። ካፕላን ከቢሉ ሴንተር ሩቅ አይደለም፤ ሸመታው ቀረና ወደዚያው ሄዱ።

ሌሎች በሚዛኑ ላይ የሚቀመጡ

ፎርቴዮም የማይስማማቸው አሉ፦ በአጥንታቸው ላይ የጨረር ሕክምና የተሰጣቸው፣ ወደ አጥንት የተሠራጨ ካንሰር ያለባቸው፣ በደማቸው ውስጥ ካልሲየም የበዛባቸው ሰዎች አይወስዱትም። ኩላሊት በጣም የደከመ ከሆነ አለንድሮኔትና አክላስታ አይሰጡም፤ ፕሮሊያም በእንዲህ ያለ ሰው ላይ የደም ካልሲየምን እጅግ ሊያወርድ ስለሚችል በ2024 ብርቱ ማስጠንቀቂያ ተጨምሮበታል። አክላስታ፣ ፕሮሊያ ወይም ኤቨኒቲ ከመጀመሩ በፊት የሚነቀል ጥርስ ካለ ይነቀል። የመንጋጋ አጥንት መሞት የሚባል ጉዳት አልፎ አልፎ ይደርሳልና። ለዓመታት የሚያግድ መድኃኒት የወሰደ ሰው ጭኑ ውስጥ አዲስ ሕመም ከተሰማው ሳይውል ሳያድር ይናገር፤ ብርቅ የሆነ የጭን አጥንት ስብራት ቀድሞ እንዲህ ያስጠነቅቃልና።

በሁሉም መድኃኒት ላይ ግን የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ይቀድማል። ጥቁር ቆዳ በዚህ ቫይታሚን በኩል ብዙ ፀሐይ ይፈልጋል፤ አዛውንቶቻችን ደግሞ ተከናንበው፣ አብዛኛውን ቀን ቤት ውስጥ ይውላሉ። ስለዚህ እጥረቱ በእኛ ዘንድ ብዙ ነው። እጥረቱ ሳይታረም አክላስታ ወይም ፕሮሊያ ቢሰጥ ካልሲየም በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። የደም ምርመራው ቀላል ነው። ካልሲየምን በተመለከተ ከምግብና ከክኒን ተደምሮ በቀን 1,200 ሚሊግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 240 ገደማ ይይዛል፣ እርጎና አይብም ጥሩ ናቸው። ጤፍም ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው፤ ሆኖም በእንጀራ ብቻ አይሞላም።

ከዚያ ደግሞ በመጽሐፍ የማይጻፍ ሚዛን አለ፦ ማን ይወጋቸዋል? የኤቨኒቲ መርፌ በወር አንድ ቀን በክሊኒክ በነርስ ሊሰጥ ይችላል። ፎርቴዮ ግን በየቀኑ ነው፤ ዓይናቸው የደከመ፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች ይቸገራሉ። እስክሪብቶው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ በረዶ ግን አይሁን። ከተከፈተ በ28 ቀን ይጣላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተወጉ በኋላ ሊያዞር ስለሚችል አልጋ ላይ ተቀምጦ መወጋት ይሻላል፤ መውደቅ ለሚያስፈራው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሰንበት ስለመወጋት የሚጨነቁ ካሉ ጥያቄውን ከመጀመራቸው በፊት ለሐኪሙም ለቄሱም ያንሡት እንጂ በየሳምንቱ አንድ ቀን በዝምታ አይዝለሉ።

ስለ ክፍያ፦ ከ1995 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ ሕግ መሠረት በመድኃኒት ዝርዝሩ (ሳል ሃትሩፎት) ውስጥ ያለ መድኃኒት በኩፓት ሆሊም በኩል ይሰጣል። ውድ ለሆኑት ገንቢ መድኃኒቶች ግን ሁኔታዎች አሉ፤ ለምሳሌ ስብራት መድረሱና ቀድሞ ሌላ መድኃኒት መወሰዱ ይታያል። ሐኪሙ ቀድሞ ማጽደቂያ (ኢሹር) ይጠይቃል። ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ አምና «አይፈቀድም» የተባለው ዘንድሮ ሊፈቀድ ይችላል። መልሱ እምቢ ከሆነ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፣ ሐኪሙም እንደገና ያመልክት። በማጽደቂያው ጥያቄ ላይ ያልታወቀው የጀርባ ስብራት በራጅ ከተደገፈ ትልቅ ክብደት አለው። ስለዚህ ቁመታቸው በ4 ሴንቲሜትር ያህል ያጠረ ወይም ጀርባቸው የጎበጠ እናትና አባት ካላችሁ የጀርባ ራጅ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

ቋንቋ ካስቸገረ፣ የልጅ ልጅን ብቻ አስተርጓሚ አታድርጉ። ልጅ ፊት የማይነገር ነገር አለ፤ ከላይ እንዳያችሁት ለልጅም ሳይነገር የቀረ አለ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት ለታካሚዎች የትርጉም አገልግሎት እንዲያዘጋጁ ታዟል። ቶር ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ወይም መጋሼር እንደምትፈልጉ ተናገሩ።

ከዚያ በኋላ እናትየው ስለ ስትሮኩ ተመርምረው የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ተጀመረላቸው። ሐኪሟም የፋሲካውን ነገር ስትሰማ ኤቨኒቲን ከምርጫው አወጣችው፤ የጥርስና የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ታይቶ ለፎርቴዮ ማጽደቂያ ተጠየቀ፣ ተገኘም። ልጅቱ ማታ ማታ ስለምትሠራ የምትወጋቸው የልጅ ልጃቸው ናት፤ ነርሷ ሁለት ጊዜ አሳየቻት። 24 ወሩ የሚያልቅበት ቀንና ቀጥሎ የሚሰጠው የአክላስታ ጠብታ ከአሁኑ በክሊኒኩ መዝገብ ተይዟል። የጤፉን ከረጢት ማን እንደሚያወርደው ግን ልጅቱን ሳልጠይቃት ተለያየን።